የሰባት ሠርክ ጥሪ

ዜማን ለጸሎት መምረጥና ማሰለፍ ከሥነ ጽሑፍ ሥራ የሚቈጠር ነው ብንል የሚደነቅ አንባቢ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ባለቅኔ ቃልን ከቃል አስማምቶ ቤት እንደሚመታ፥ የመዘምራን አለቃም ዜማን ከንባብ፥ ድምፅን ከጸጥታ፥ ጨለማን ከመብራት አስማምቶ አንዲት ማታ ይሠራል። ቤቱ የጐደለ ቅኔ በጉባኤ መካከል ባለቤቱን እንደሚያሳፍረው ሁሉ፥ አሰላለፉ የተዛባ የማታ ጸሎትም ምእመኑን እንደ መጣ ይመልሰዋል። ስለዚህ በዛሬው ዐምድ አንድ መጽሐፍ አንሥተን በመተቸት ፈንታ፥ በምዕራባውያን አብያተ ክርስቲያናት ከበዓለ ልደት በፊት የሚደረገውን የሠርክ ጸሎት እንደ አንድ ድርሰት ቈጥረን ልንመረምረው ወደድን። በሃይማኖት ነገር ከእነርሱ የሚለየን እንዳለ የታወቀ ነው፤ እኛ የምንመዝነው ግን የዜማውን አሰላለፍና የቃሉን ጥበብ ነው።

ይህን ሰሞን ላቲኖች አድቬንቱስ ይሉታል፤ ትርጓሜውም መምጣት ማለት ነው። ከልደት በፊት ያሉትን አራት እሑዶች የያዘ ነው፤ የመጀመሪያውም እሑድ ከኖቬምበር 27 እስከ ዲሴምበር 3 ባሉት ቀኖች መካከል ይውላል። (ዘመኑን ሁሉ በእነርሱ አቈጣጠር እንጽፋለን፤ የእኛን ስንጽፍ በወሩ ስም ይለያል።) መምጣት ማለታቸውም ስለ አንዱ ብቻ አይደለም፤ በሥጋ የመጣበትን ያስባሉ፥ በክብር የሚመጣበትንም ይጠብቃሉ። የእኛ ሊቃውንት ሁለቱን ለይተው፥ ዳግም ምጽአትን በዐቢይ ጾም አምስተኛ እሑድ በደብረ ዘይት፥ የቀዳማዊ ምጽአትን ናፍቆት ደግሞ በታኅሣሥ አኑረውታል። ላቲኖች ግን ሁለቱን በአንድ ሰሞን ስላጣመሩ ዜማቸው ሁለት ገጽ እንዲኖረው ግድ ሆነ፤ አንዱ የሚናፍቅ፥ አንዱ የሚፈራ። ለአድቬንት ዜማ የሚመርጥ ሰው ይህን ሁለትነት ካላወቀ ከመነሻው ስቷል።

ደግሞም የአገሩን ጠባይ ማሰብ ያስፈልጋል። በእኛ አገር የቀንና የሌሊት ልክ በዓመቱ ውስጥ እምብዛም አይበላለጥም። በሎንዶን ግን በዲሴምበር አጋማሽ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። ስለዚህ የማታ ጸሎት ሲጀመር ቤተ ክርስቲያኑ በእውነተኛ ጨለማ ውስጥ ነው፤ መብራት ማብራትና አለማብራትም እንደ ዜማው ሁሉ የሥርዐቱ ክፍል ይሆናል። በሳልስበሪ ካቴድራል በአድቬንት የሚደረገው ሥርዐት ቤተ ክርስቲያኑ ፈጽሞ ጨልሞ ሳለ በምዕራብ ወገን በምትበራ በአንዲት ሻማ ይጀምራል፤ ከዚያም መዘምራኑ ወደ ምሥራቅ እየዘለቁ ሲሄዱ ብርሃኑ እየሰፋ ይሄዳል። ይህ አሳብ የተመሰገነ ነው፤ ምእመኑ ትርጓሜ ሳይነገረው በዓይኑ ያነበዋልና።

የዚህ ሰሞን የሠርክ ጸሎት ልቡ ግን ሌላ ነው። ከዲሴምበር 17 እስከ 23 በየማታው አንድ አንድ እየሆኑ የሚዜሙ ሰባት አጫጭር ቃላት አሉ። ላቲኖች አንቲፎን ይሏቸዋል፤ ከመዝሙር በፊትና በኋላ የሚዜም ቃል ማለት ነው። ሰባቱም «ኦ» በሚል የጥሪ ድምፅ ስለሚጀምሩ በዚያው ድምፅ ተሰይመዋል። በ9ኛው መቶ ዓመት የሜትሱ አማላርዮስ ስለ እነርሱ ጽፏል፤ በ10ኛው መቶ ዓመት በተጻፈው በኤክሰተር መጽሐፍ ውስጥም በጥንቱ የእንግሊዝ ቋንቋ በእነርሱ ላይ ተመሥርቶ የተደረሰ ረጅም ግጥም ይገኛል።

በመጀመሪያው ማታ የሚመጣውን ሳፒየንትያ፥ ጥበብ ብለው ይጠሩታል። በሁለተኛው አዶናይ ይሉታል። ከዚያ ራዲክስ፥ የእሴይ ሥር፤ ከዚያ ክላቪስ፥ የዳዊት መክፈቻ፤ ከዚያ ኦርየንስ፥ ምሥራቅ፤ ከዚያ ሬክስ፥ የአሕዛብ ንጉሥ፤ በሰባተኛው ማታ ኤማኑኤል፥ እኛ አማኑኤል የምንለው። ሁሉም ከመጻሕፍት የተለቀመ ነው። የእሴይ ሥር ከኢሳይያስ ምዕራፍ 11፥ መክፈቻው ከምዕራፍ 22፥ አማኑኤል ከምዕራፍ 7 ተወስዷል። የመጀመሪያው ጥሪ ከሲራክ ምዕራፍ 24ና ከመጽሐፈ ጥበብ ምዕራፍ 8 የተቀዳ ነው፤ እነዚህን መጻሕፍት ፕሮቴስታንቶች ከቀኖና ውጭ አድርገዋቸዋል፥ በእኛ ግን ከሰማንያ አንዱ ውስጥ ናቸውና የእኛ ተማሪ ምንጩን ለማግኘት አይቸገርም።

አሠራራቸውን እንይ። እያንዳንዱ ጥሪ ሦስት ክፍል አለው፤ አስቀድሞ በስም ይጠራል፤ ቀጥሎ የዚያን ስም ግብር በነቢያት ቃል ይናገራል፤ በመጨረሻም ና ብሎ ይለምናል። ይህ ሥርዐት በሰባቱም አይለወጥም። ዜማውም ለሰባቱ አንድ ነው፤ ላቲኖች ሁለተኛ ከሚሉት የዜማ ስልት የወጣ ነው። ጉባኤ ቃናን በሁለት ቤት፥ መወድስን በስምንት ቤት ልክ መቍጠር የለመደ የቅኔ ተማሪ የዚህን ጥቅም ወዲያው ያስተውላል፤ ልኩ ሲጸና ቃሉ ነጻ ይወጣል። ምእመኑም በሁለተኛው ማታ ዜማውን ያውቀዋልና ጆሮው ወደ ስሙ ብቻ ያዘነብላል፤ ዛሬ ማን ብለው ይጠሩት ይሆን ብሎ ይጠብቃል።

ከሰባቱ የሚበልጡት፥ በእኛ ፍርድ፥ አራተኛውና አምስተኛው ናቸው። መክፈቻ ብሎ የጠራ ምን ይለምናል? በወኅኒ ቤት በጨለማ የተቀመጠውን ታሳሪ እንዲያወጣለት ይለምናል። ምሥራቅ ብሎ የጠራም በጨለማ ለተቀመጡት እንዲያበራ ይለምናል። ስሙ ልመናውን ይወልዳል፤ ልመናውም ስሙን ይተረጕማል። ደግሞ እዩ፤ በአራተኛው ማታ በሩ ተከፈተ፥ በአምስተኛው በተከፈተው በር ብርሃን ገባ። ይህ አምስተኛ ጥሪ የሚዜመው በዲሴምበር 21 ነው፤ በሰሜን አገሮች ሌሊቱ ከሌሊት ሁሉ በሚረዝምበት ሰሞን ማለት ነው። ጨለማው ከጠነከረበት ሰዓት ምሥራቅ ሆይ ብሎ መጣራት፥ ቃሉን ከዘመኑ ጋር ያዛመደ ብልኅ ሥራ ነው። ስድስተኛው ግን ይደክማል። ንጉሥ አለ፥ የማዕዘን ድንጋይም አለ፥ ሰውን ከጭቃ መፍጠሩንም አነሣ፤ ሦስት ምሳሌ በአንድ አጭር ቃል ተጨንቀው አንዱ ሌላውን ሲጋፋ ይታያል። መምህር ፊት ቢቀርብ አንዱን ጣል ይባል ነበር።

አሁን ለቅኔ ሰው ደስ የሚያሰኘውን ነገር እንናገር። የሰባቱን ስሞች መነሻ ፊደል ከኋላ ወደ ፊት፥ ይኸውም ከኤማኑኤል ጀምሮ ወደ ሳፒየንትያ ብንለቅመው፥ በላቲን ቋንቋ «ኤሮ ክራስ» የሚል ቃል ይሰጣል፤ ነገ እገኛለሁ ማለት ነው። ምእመኑ ሰባት ማታ ሙሉ ና እያለ ሲጣራ፥ የተጠራው በዚያው በጥሪው ውስጥ ተሰውሮ ነገ እያለ ሲመልስ ነበረ። በፊደል ተራ መድረስ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ መዝሙር 118 በዕብራይስጥ ፊደል ተራ የተደረሰ መሆኑን በዳዊታችን ላይ ከአሌፍ ጀምሮ የተጻፉት የፊደል ስሞች ይመሰክራሉ። ይህኛው ግን ከዚያ ይጠልቃል። ሰሙ በየማታው ሙሉ ሆኖ ይሰማል፤ ወርቁ ግን ከሰባተኛው ማታ በፊት በምንም ጥበብ አይገኝም፤ የመጨረሻው ስም ካልተጠራ የመልሱ የመጀመሪያ ፊደል የለምና። ውስጠ ወይራ ብንለው ያምርበታል። ይህ በደራሲው አሳብ የተሠራ ነው ወይስ እንዲያው የገጠመ ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ። እኛ አስቦ ሠራው ከሚሉት ጋር ነን፤ ከምሥራቅ በኋላ የአሕዛብ ንጉሥ እንዲከተል የነቢያት ተራም የታሪክ ተራም አያስገድድም፥ ፊደሉ ግን ያስገድዳል። አንድ ነቀፋ አለብን፤ ይህ ወርቅ በብራና ለሚያነበው ዓይን እንጂ በመቅደስ ለሚሰማው ጆሮ አልተሰጠም። የእኛ ባለቅኔ ወርቁን በዚያው በጉባኤው መካከል፥ በዚያው ድምፅ ያወጣዋል።

አንቲፎኑ የሚዜመው በባዶ ቦታ አይደለም። የእመቤታችንን ጸሎት፥ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ከቍጥር 46 ጀምሮ ያለውን፥ ከፊትም ከኋላም ይከበዋል። ላቲኖች ይህን ጸሎት ማግኒፊካት ብለው በየማታው በሠርክ ጸሎት ያዜሙታል፤ እኛም በዳዊት መጨረሻ ከነቢያት ጸሎት ጋር አኑረነዋል። እንግዲህ ነገሩን አስተውሉት። በፊትና በኋላ ና ተብሎ ይጠራል፤ በመካከል የምትዘምረው ደግሞ የተጠራውን በማኅፀኗ የተሸከመችው ናት። ጠሪዎቹ ገና ይመጣል ይላሉ፤ ዘማሪዋ ግን በእርሷ ዘንድ መጥቷል። ይህን ያህል የነገረ መለኮት ምሥጢር ያለ አንድ የትርጓሜ ቃል፥ በአሰላለፍ ብቻ መናገር የቻለ ሥርዐት በሌላ ቦታ ብዙ አላገኘንም። ስለዚህ ለአድቬንት ማታ ዜማ የሚያሰናዳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ክበብ መጠበቅ ይገባዋል። ማግኒፊካቱን በብዙ ድምፅና በረጅም ኦርጋን አስውቦ አንቲፎኑን ግን አንድ ጊዜ ብቻ አሰምቶ የሚያልፍ የመዘምራን አለቃ፥ ዕንቍውን ጥሎ ሣጥኑን ያስጌጠ ነው።

በእንግሊዝ አገር ከጥንት ጀምሮ የነበረ ልማድ ጥሪውን በዲሴምበር 16 ያስጀምርና በመጨረሻው ማታ ስምንተኛ ይጨምራል፤ እርሱም ለድንግል የተነገረ ነው። በ1662 የወጣው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍም በቀን መቍጠሪያው በዲሴምበር 16 ላይ የመጀመሪያውን ጥሪ ስም እንደ ጻፈ ቀርቷል። በላቲን ድንግል ቪርጎ ስለምትባል ያ ፊደል ሲጨመር የተሰወረው ቃል «ቬሮ ክራስ» ይሆናል፤ በእውነት ነገ ማለት ነው። ለእመቤታችን ካለን ፍቅር የተነሣ ይህን ጭማሪ ልናመሰግነው የሚገባ ይመስላል፤ ነገር ግን አናመሰግነውም። እመቤታችን በሰባቱም ማታ በጥሪው መካከል ቆማ ትዘምራለች ብለናል፤ በስምንተኛው ከዘማሪነት አውጥቶ የጥሪው ባለቤት ማድረግ የቀድሞውን አሠራር ያፈርሰዋል። ና የሚለው ልመናም በዚህ በስምንተኛው የለም።

በመካከለኛው ዘመን በአንዳንድ ገዳማት ጥሪዎቹን በየማታው ልዩ ልዩ መነኵሴ እንዲመራቸው ያደርጉ ነበር፤ የእሴይን ሥር አትክልተኛው፥ መክፈቻውን የዕቃ ቤት ኀላፊው ያነሣ ነበር። መክፈቻ ለያዘ ሰው መክፈቻን ማዜም መስጠት! ይህ ጨዋታ የተቀላቀለበት ቢሆንም፥ የገዳም ሰዎች በጸሎታቸው ውስጥ ሥራቸውን ያገኙ ዘንድ የተሠራ ስለ ሆነ አንስቀውም።

ከሰባቱ ጥሪዎች የተወለደ አንድ መዝሙር ዛሬ ከወላጆቹ ይልቅ በዓለም ታውቋል። በ1710 በኮሎኝ በታተመ የመዝሙር መጽሐፍ ከሰባቱ አምስቱን ወደ ግጥም የመለሰ የላቲን መዝሙር ይገኛል። እንግሊዛዊው ካህን ጆን ሜሰን ኒል በ1851 ወደ ቋንቋው መለሰው፤ አማኑኤልን በመጥራት የሚጀምረው፥ በየአገሩ በአድቬንት የሚዘመረው መዝሙር እርሱ ነው። በቃሉ ላይ ሁለት ነቀፋ አለን። ፊተኛው፥ አማኑኤልን ከመጨረሻ አንሥቶ ከመጀመሪያ አቆመው፥ ጥበብንና የአሕዛብን ንጉሥ ጨርሶ ተወ፤ የተሰወረው ቃልም ጠፋ። ኋለኛው ይብሳል፤ በየቤቱ መጨረሻ ደስ ይበልሽ የሚል መመለሻ አገባ። ሰባቱ ጥሪዎች መልስ ሳይሰሙ ይቆማሉ፤ ይህ መዝሙር ግን ጥያቄው ከአፍ ሳይወጣ መልሱን ያቀርባል። የሚጠብቅ ሰው በየደቂቃው መጣልህ ቢባል መጠበቁን ይተዋል።

ዜማው ግን ከቃሉ ይበልጣል፤ ታሪኩም ሊነገር የሚገባው ነው። ቶማስ ሄልሞር በ1850ዎቹ ከቃሉ ጋር ሲያሳትመው በሊዝበን ከሚገኝ የፈረንሳይ መጽሐፍ የተቀዳ ነው ብሎ ነበር፤ መጽሐፉ ግን ሳይገኝ ስለ ቀረ ሄልሞር ራሱ ደርሶታል ብለው የጠረጠሩ ብዙዎች ነበሩ። በ1966 ሜሪ ቤሪ የተባለች መነኵሲትና የዜማ ሊቅ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ15ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ፥ የፈረንሳይ ፍራንሲስካውያት መነኰሳይያት የነበረ መጽሐፍ ውስጥ አገኘችው። በዚያ መጽሐፍ ዜማው ለቀብር ጕዞ የሚዜም ነበር። ሬሳ ተሸክመው ሲሄዱ ያዜሙት የነበረው ዜማ ሕፃን ለሚጠበቅበት ሰሞን ሆነ። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ይከፋው ይሆናል። እኛ ግን ለአድቬንት ከዚህ የሚበልጥ ዜማ ይገኛል አንልም፤ አስቀድመን እንዳልነው የዚህ ሰሞን ሁለተኛ ገጽ የፍርድ ቀን ነውና። ስለዚህ በፍጥነትና በከፍተኛ ኦርጋን እንደ ሰልፍ ዜማ ሲያስጮኹት ስንሰማ፥ መሪዎቹ ዜማው ከየት እንደ መጣ የሰሙ አይመስለንም። በቀብር ጕዞ እርምጃ፥ ያለ ኦርጋን፥ በአንድ ድምፅ ቢዜም የቃሉ ጕድለት እንኳ ይሸፈናል።

ሌላው የሰሞኑ የሠርክ መዝሙር የከዋክብትን ፈጣሪ የሚጠራው ነው፤ ላቲኖች «ኮንዲቶር አልሜ ሲዴሩም» ይሉታል። ጥንታዊና ቀላል ግጥም ነው። በ1632 ግን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባኖስ 8ኛ የላቲን መዝሙሮችን በጥንቱ የሮም ባለቅኔዎች ሕግ አሳርመው ሲያወጡ፥ ይህ መዝሙር ከአንድ ቤት በቀር እንዳለ የተረፈለት የለም፤ መነሻ ቃሉ እንኳ ተለወጠ። መምህር የተማሪን ቅኔ ያርማል፤ ይህ ሥራው ነው። ብዙ መቶ ዓመት ሕዝብ የጸለየበትን ቃል ግን ሰዋስዉ አላማረኝም ብሎ መለወጥ፥ የድጓን ቃል በቅኔ ቤት ሕግ ልረም እንደ ማለት ነው። በ1971 በወጣው የላቲን የሰዓታት መጽሐፍ ጥንታዊው ቃል ወደ ቦታው ተመልሷል፤ መልካም አደረጉ። ዛሬ ለማታው ጸሎት ይህን መዝሙር የሚመርጥ ሰው ከሁለቱ የትኛውን እንደ ያዘ አስቀድሞ ይመልከት።

አሰላለፍን በጽሑፍ ስለ ማኖር ከተነሣ ዮሐን ሴባስትያን ባኽን አለማንሣት አይቻልም። ባኽ በ1714 በቫይማር ለመጀመሪያው የአድቬንት እሑድ በደረሰው ካንታታ መጽሐፍ ገበታ ላይ፥ በኋላ ወደ ላይፕሲክ በሄደ ጊዜ፥ የዚያን እሑድ የጧት ጸሎት ቅደም ተከተል በገዛ እጁ ጽፎ ይገኛል፤ ኦርጋኑ የት የት እንደሚቀድም፥ የወንጌሉ ንባብ የት እንደሚገባ፥ መዝሙሩ ከስብከቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ። ያን ያህል የዜማ ባሕር የነበረ ሰው፥ አሰላለፉን በአእምሮዬ እይዘዋለሁ አላለም። በላይፕሲክ ደግሞ ከአድቬንት ሁለተኛ እሑድ እስከ አራተኛው ድረስ ካንታታ አይሰማም ነበር። ከዚያ ዝምታ በኋላ በ1723 በልደት ቀን በሠርክ ጸሎት የራሱን ማግኒፊካት በሦስት መለከትና በከበሮ አሰማ፤ በመካከሉም አራት የልደት መዝሙሮች አግብቶበት ነበር። የዚያን መለከት ድምፅ ግማሹን የሠራው የቀደሙት ሳምንታት ዝምታ ነው ብንል አንሳሳትም።

የዛሬው የአድቬንት ማታ ችግር ይህን ዝምታ ማጣቱ ነው። በገበያውና በመንገዱ የልደት ዘፈን ከኖቬምበር ጀምሮ ስለሚሰማ፥ መዘምራኑም ሕዝቡ የለመደውን እንስጠው እያሉ ከልደት በፊት ልደትን ይዘምራሉ፤ ልደት በደረሰ ጊዜም የሚጨምሩት ያጣሉ። ይህን ለመከልከል የደከሙ ሰዎች ነበሩ። በካምብሪጅ የኪንግስ ኮሌጅ ቤተ ጸሎት አለቃ የነበሩት ኤሪክ ሚልነር ዋይት በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሠራዊት ካህን ነበሩ፤ በ1918 በልደት ዋዜማ የሚደረገውን የዘጠኝ ንባብና መዝሙር ሥርዐት አቆሙ። በ1934 ደግሞ ለአድቬንት ብቻ የሆነ ሌላ ሥርዐት ለይተው ሠሩ። ሁለቱን መለየታቸው ከሁሉ ይልቅ የሚያስመሰግናቸው ነው። ነገር ግን እንዲህ ባለው የአንድ ማታ ሥርዐት ሰባቱን ጥሪዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ተራ በተራ ማሰማት እየተለመደ ሄዷል። የሰባት ማታ መሰላል በአንድ እርምጃ ይዘለላል፤ ነገ የሚለውም ቃል ትርጓሜ ያጣል፥ በዚያ ማታ ነገ ለሚባል ነገር ስፍራ የለምና።

የኤስቶንያው አርቮ ፔርት በ1988 ሰባቱን በጀርመን ቋንቋ ለመዘምራን ብቻ ሲደርሳቸው፥ እንዲሁ በተከታታይ እንዲዜሙ አድርጎ ነው። የእርሱን ግን በአንድ ሚዛን አንነቅፈውም፤ ለእያንዳንዱ ጥሪ የየራሱን የድምፅ ቀለም ስለ ሰጠው፥ የማታዎቹን መራራቅ በድምፅ መራራቅ ተክቶታል። ለመስማት የሚያስደንቅ ነው። ለሠርክ ጸሎት ግን ማግኒፊካት በመካከሉ የለምና ያ ክበብ ጠፍቷል። በሚቀጥለው ዓመት በ1989 ማግኒፊካትን ለብቻው ደርሷል፤ ከሰባቱ አንዱን እየመረጠ ከፊትና ከኋላ አድርጎ በዚህ ማግኒፊካት ላይ የሚያዜም አለቃ ቢገኝ፥ የምንፈልገውን ሥርዐት በዘመናችን ድምፅ እናገኘው ነበር።

ለእኛ ይህ ምን ይጠቅመናል የሚል አንባቢ አይጠፋም። በእኛ ዘንድ ምርጫው ያለቀለት ነው፤ የቅዱስ ያሬድ ድጓ ሰሞኑን ስለሚመራ መሪጌታው የሚያዜመውን ከልቡ አያመነጭም። ከታኅሣሥ 7 እስከ 27 ያሉት ሦስት ሳምንታት ስብከት፥ ብርሃን፥ ኖላዊ ይባላሉ። ምስባኮቻቸውን እንመልከት፤ የስብከት ከመዝሙር 143፥ የብርሃን ከመዝሙር 42፥ የኖላዊ ከመዝሙር 79 የተወሰዱ ናቸው። በፊተኛው እጅህን፥ በሁለተኛው ብርሃንህን ላክ ተብሎ ይለመናል፤ በሦስተኛው የእስራኤል ጠባቂ እንዲያደምጥ ይጠራል። ላቲኖች ና ያሉትን እኛ ላክ ብለናል። ብርሃን የሚለው ስም ከኦርየንስ ጋር ይገናኛል፤ ጠባቂ የሚለው ስም ግን ከሰባቱ ውስጥ አይገኝም፤ በጐደላቸው ስፍራ እኛ ሞልተናል። ስለ ሥርና ስለ መክፈቻም እነርሱ በእኛ ላይ ይሞላሉ። የእኛ የስብከት እሑድ ብዙውን ጊዜ ከዲሴምበር 16 እስከ 22 ባለው ውስጥ ስለሚውል፥ የእነርሱ ሰባት ማታና የእኛ ስብከት ሳምንት ጐን ለጐን ይሄዳሉ፤ ይህ የአቈጣጠር ግጥጥሞሽ ነው እንጂ አንዱ ከአንዱ የወሰደው አይደለም።

በአሜሪካና በአውሮጳ ለሚኖሩት ወገኖቻችን ግን ነገሩ ከግጥጥሞሽ ያልፋል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15፥ ይኸውም ኖቬምበር 24 ሲገባ፥ ከተማው የልደትን ዘፈን ጀምሯል። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችም ከትምህርት ቤት የለመዱትን የልደት መዝሙር ይዘው ወደ ማታው ጕባኤ ይመጣሉ፤ አስተማሪዎቹም ልጆቹን ላለማስቀየም ይፈቅዱላቸዋል። ይህን በቍጣ መከልከል አይጠቅምም፤ በምትኩ የሚሰጣቸው ካልተገኘ ግን ፈቃዱ ሥርዐት ሆኖ ይቀራል። የሚሰጣቸው ደግሞ በእጃችን አለ። ዲሴምበር 25 ካለፈ በኋላ ከተማው ዝም ይላል፤ ሱቆቹ ዘፈኑን ያቆማሉ፥ በየደጁ የተጌጠው ዛፍ ወደ ጥራጊ ይወጣል። በዚያው ሰሞን የእኛ የብርሃንና የኖላዊ ሳምንት ይገባል። የሚሻማ ድምፅ የለም፤ ሌሊቱም ገና ረጅም ነው። ልጆቹ በእነዚህ ማታዎች፥ ጥቂት ጧፍ ብቻ በርቶ፥ በየማታው አንዲት አጭር የድጓ ዜማ እንዲማሩ ቢደረግ፥ እስከ ታኅሣሥ 29 ድረስ ብዙ ይዘው ይደርሳሉ።